እስከ ስምንት ዓመቷ

ቦሩ ጨፌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1984 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለአያንቱ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከቆላው አቧራ እስከ ጎባ ብርድ ድረስ ይድረስሽ። እኔም ባለቤቴ ገመዳም ደህና ነን፣ ላሟም ወልዳለች።

«ለምን ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ?» ብለሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። ይቅር በይኝ። ልጄ ዱሬቲ እንቅልፍ ሲወስዳት የሻሼን ጫፍ ከጣቶቿ አላቅቄ ወጣሁ። አንቺ ጓሮ ነበርሽ። ብጠብቅሽ ኖሮ ወይ አልሄድም፣ ወይ ይዣት እመለስ ነበር። አውቶቡሱ ዶዶላ ሳይደርስ ጡቴ ቀሚሴን አራሰው። ይህንን ለሰው አትንገሪ።

ባልሽ በዳሶ «የጤናው ሰው በትክክል ምን አለ?» ማለቱ አይከፋኝም። የሰው ልጅ የሚያሳድግ ባል መጠየቅ አለበት። ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ መርማሪዎች መጥተው ከጥልቁ ጉድጓድ በጠርሙስ ቀድተው ሄደው ነበር። በወሩ አንድ የጥርስ ሐኪም ይዘው ተመለሱና እናቶችን ሰበሰቡን። ሐኪሙ የልጆቹን አፍ እያስከፈተ አየ። ከዚያ፣ «ውሃችሁ ተቅማጥ አያመጣም፣ ጀርም የለበትም። ግን ፍሎራይድ የሚባል ነገር በዝቶበታል። ጥቂቱ ጥርስ ያጠነክራል። ሲበዛ ግን ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ያበላሸዋል። ሲወጣ ኖራ መስሎ ይወጣል፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ ይሸራረፋል» አለን።

አሮጊቷ አደ ሹንቤ፣ ታውቂያቸዋለሽ፣ «በከሰልም በአመድም ስፈትገው የኖርኩት በከንቱ ነዋ!» አሉት።

«በከንቱ ነው እናቴ። ቆሻሻ አይደለም፣ ከውስጥ ነው።»

እኔ «እስከ ስንት ዓመት ነው የሚያበላሸው?» አልኩት።

«እስከ ስምንት ግድም። ከዚያ ወዲያ ጥርሱ ተሠርቶ አልቋል።»

«ሌላ ውሃ ከየት እናምጣ?» ሲሉት ወረቀቱን አጣጠፈ። የሐይቁ ውሃ ቢልሃርዝያ አለው፣ ያንን ራሱ ነው የነገረን።

ለምን እንደፈራሁ ላንቺ ማስረዳት የለብኝም። አማትሽ በሠርግሽ ማግስት «ይቺ ልጅ አፏን ሳትታጠብ ነው እንዴ የተዳረችው?» ያሉሽን አልረሳሁም። እኔንም መምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ስፈተን ፈታኙ «ልጆቹ ሰሌዳውን ትተው አንቺን ነው የሚያዩት» ብሎ እስክሪብቶውን ከደነ። እኛ የጠጣነው ሳናውቅ ነው። እኔ ግን አውቄ እንዴት ላጠጣት?

እስከዚያ የጎባን ምንጭ ትጠጣ፤ ስምንት ሲሞላት እወስዳታለሁ። ሲያማት ጆሮዋን ትይዛለች፤ ሌላ ምልክት የላትም።

እህትሽ ኩፍቱ

——

ጎባ፣ የካቲት 20 ቀን 1984 ዓ.ም.

ለኩፍቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ ዱሬቲም አሁን ደህና ናት።

«አሁን» ማለቴን ታስተውያለሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። በጥር መጥተሽ ከተመለስሽ በኋላ ስምንት ቀን አተኮሳት። ጆሮዋን አልያዘችም። ፊቷን ወደ አጥሩ በር አዙራ ትቀመጣለች፤ ሳነሳት ትራገጣለች። በዘጠነኛው ቀን ገንፎ በላች። በዳሶ «እናቷ በመጣች ቁጥር ልጅቷ እንደ አዲስ ልትለምደን ነው? እስክትረጋ ትቆይ» ይላል። እኔ አትምጪ አላልኩሽም። ግን አንቺው እናት ነሽ፣ አስቢበት።

«ምን ብላ ትጠራሻለች?» ላልሽው፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ ሴቱን ሁሉ በአንድ ስም ይጠራ የለ? በዚህ አትጨነቂ።

የምትጠጣው የምንጩን ነው፣ ሌላ አይደለም።

አያንቱ

——

ቦሩ ጨፌ፣ ሰኔ 2 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአያንቱ፣

ይህን ያህል ጊዜ ስለጠፋሁ አትቀየሚኝ። ሦስቱም ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

«ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ» ያልሽው ለሌላ በሽታ እንጂ ለዚህ አይሆንም። እኔም ጠይቄ ነበር። ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ ብሶ ቁጭ ይላል ማለት ነው። አጥንት አቃጥለው የሚያጣሩበት ዘዴ አለ ብለው ነበር፣ እስካሁን ግን ይዞ የመጣ የለም።

አዎ፣ የነገሩሽ እውነት ነው፤ በመጋቢት እስከ ሻሸመኔ መጥቼ ተመልሻለሁ። በሩቁ ላያት ነበር፣ ሳታየኝ። ለምን እንደተመለስኩ አሁን አልጽፍልሽም። ገመዳ ደህና ነው። ወገቡን ትንሽ ብርድ መትቶታል፣ ሌላ አይደለም።

ቀሚስ ሰፍቼላት ልኬያለሁ። ልኳን የጎረቤት ልጅ ላይ ነው የለካሁት፣ እኩያዋ ናት። ሌላም ወሬ ነበረኝ፣ እስኪለይለት ይቆይ።

ኩፍቱ

——

ጎባ፣ መስከረም 25 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለኩፍቴ፣

እንኳን አላህ በሰላም አገላገለሽ! ኦብሳ ብላችሁ ስም ማውጣታችሁን ሰማሁ። ከአንቺ አፍ ብሰማው ደስ ባለኝ፤ የሰማሁት ግን ከሽንኩርት ነጋዴ ነው።

ነጋዴው ሌላም ነገር ነግሮኛል። «የእህትሽ ባል ሰው ሲጠራው አንገቱን አያዞርም፣ እንደ በር ሙሉ ሰውነቱ ነው የሚዞረው» አለኝ። ብርድ ነው አላልሽኝም?

ቀሚሱን ወደደችው። ግን አልዘጋ አላት፤ ጎባ ላይ ልጅ ቶሎ ይረዝማል። ለጎረቤት ልጅ ሰጠነው፣ አይክፋሽ። ዱሬቲ ወሬ ትወዳለች። በቀደም በዳሶን «የምትነዳው ትራክተር ሲተኛ ዓይኑን ይጨፍናል?» ብላው እስካሁን ይስቃል።

አንድ ነገር ልበልሽና አትቆጪ። ጡት ሲተው ኦብሳንም አምጪው። ቤቱ ሰፊ ነው።

አያንቱ

——

ቦሩ ጨፌ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለአያንቱ፣

አልተቆጣሁም። ኦብሳን ግን አልሰጥም። እሱን ከሰጠሁ እዚህ ቤት ማለዳ የምነሳበት ምክንያት አይኖረኝም።

ስለ ገመዳ ደብቄሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ብርድ አይደለም። ያው ውሃ ነው። እኛን ጥርሳችንን ብቻ ነክቶ የተወን መስሎን ነበር፤ ረጅም ዓመት ሲጠጡት አጥንትም ይገባል አሉን። አንገቱ ደርቋል፣ ወገቡም እየደረቀ ነው። ጫማውን የማስረው እኔ ነኝ። ሻሸመኔ ላይ የያዘኝም ይኸው ነው፤ «ባልሽ የውሃ ቦኖው ጋ ወድቆ መነሳት አቅቶታል» ብለው በሹፌር ላኩብኝ።

እሱማ አፉ አልደረቀም። «ወታደር ሳለሁ ቀጥ በል ሲሉኝ እምቢ ያልኩትን አሁን በገዛ ፈቃዴ ሆንኩት» ይላል። ሰው ሲስቅለት ደስ ይለዋል። ቤት ሲገባ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጌ እንዳስተኛው ይለምነኛል።

«ለምን ለቃችሁ አትመጡም?» ትዪ ይሆናል። የምንኖርበት ቤት የውሃ ሞተሩ ጠባቂ ቤት ነው። ገመዳ ጠባቂ ካልሆነ ቤቱ የለም። መታመሙን ካወቁ ደግሞ ጠባቂ አይሆንም። ስለዚህ ማለዳ ሞተሩን የማስነሳው እኔ ነኝ፤ እሱ ደጁ ላይ ቆሞ ይታያል፣ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ሰው ያውቃል፣ ግን አይናገርብንም።

አያንቱ፣ ገብቶሻል? ያንን ውሃ ከመሬት የማወጣው እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ሞተሩን አስነስቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ቀድቼ፣ ለልጄ አጥሚት እሠራበታለሁ። ብተወውስ? ሦስት መቶ አባወራ ምን ይጠጣል? አንዱን ልጄን ከዚህ ውሃ ያሸሸሁ መስሎኝ ነበር፤ ራሴን ግን እዚሁ ጉድጓዱ አፍ ላይ አሰርኩት።

ለዱሬቲ ምን ብዬ ሰላም እንደምላት አላውቅም። አንቺው በምታውቂው በይልኝ።

ኩፍቱ

——

ጎባ፣ ግንቦት 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለኩፍቴ፣

ወጡ! የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ አምና ወጥተው እንደነበር ጽፌልሻለሁ፤ እነሱ ትንሽ ስለሆኑ አላመንኩም ነበር። አሁን የላይኞቹ ወጡ። ፀሐይ ላይ አውጥቼ ከንፈሯን ገልጬ አየሁ። ነጭ ናቸው። ኖራ አይመስሉም፣ መስመር የለባቸውም፣ እንደ ወተት ናቸው። በዳሶ «ሴትዮ፣ ልጅቷ አፏን ከፍታ ልትቀር ነው» እስኪለኝ ድረስ አልለቀቅኳትም። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በእኛ ወገን ይህን ጥርስ ያየሁት ገና አሁን ነው።

«የካቲት ላይ ስምንት ይሞላታል» ብለሽ ቀን ቆጥረሽ መጻፍሽን አይቻለሁ። ኩፍቴ፣ እስቲ ቀስ ብለን እንየው። የመንጋጋ ጥርሶች ገና ድድ ውስጥ እየተሠሩ ነው ይላሉ። እስከ አሥር፣ አንዳንዱ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ይቆያል። እዚህ ድረስ ለፍተን ለሁለት ዓመት ብለን እናበላሸው? ደግሞም ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ካንቺ በላይ አውቃለሁ ማለቴ አይደለም።

አያንቱ

——

ቦሩ ጨፌ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአያንቱ፣

ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ባልሽ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደተገናኘን ሳትጠይቂው አልቀረሽም፤ እኔም ልንገርሽ።

ለገመዳ የሕመም ማስታገሻ ልገዛ ዝዋይ ወርጄ ሳለሁ፣ ጎሚስታው ጋ ስንዴ የጫነ ትልቅ መኪና ቆሟል። ከሥር ጎማ የሚፈታው ሰው ጀርባው በዳሶን መሰለኝ። «በዳሶ!» አልኩ። ብድግ ሲል ጭንቅላቱን ከመኪናው ጋር አጋጨ።

«ኩፍቱ! አንቺ... ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«እኔማ አገሬ ነው። አንተ ትራክተር ላይ አልነበርክም እንዴ?»

«ትራክተሩን ከተውኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ስንዴ ወደ ናዝሬት አወርዳለሁ።»

«በስንት ጊዜ?»

መፍቻውን አንስቶ ወደ ጎማው ተመለሰ።

«በዳሶ፣ በስንት ጊዜ ነው በደጄ የምታልፈው?»

«በየአሥራ አምስት ቀኑ» አለኝ፣ ዓይኑን ጎማው ላይ ተክሎ። ከዚያ ነገር ያለዘበ መስሎት፣ «ዱሬቲ በጣም ደህና ናት። በመንገድ አክስቴን ካገኘሃት ሰላም በልልኝ ብላለች» አለኝ።

«የቷን አክስቷን?»

ያኔ ነው ምን እንዳለ የገባው። ቀይ ፊቱ አመድ መሰለ።

አያንቱ፣ መኪናው በየአሥራ አምስት ቀኑ በደጄ ሲያልፍ ሁለት ዓመት ሙሉ የምንጭ ውሃ ሊልክልኝ ይችል ነበር። ልጄ በቤቷ ሆና ንጹሕ ውሃ መጠጣት ትችል ነበር። ኦብሳም አብሯት ይጠጣ ነበር፤ አሁን የኦብሳ ጥርስ ድድ ውስጥ ምን እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። መንጋጋዋን ቆጥረሽልኛል። ሰው የማያየውን ጥርስ መቁጠር የጀመርሽው ለእሷ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?

ለጥርሷ ብዬ አደራ ሰጠሁሽ። አክስቷ ልሆን ግን አልተስማማሁም።

የካቲት ላይ እጠብቃታለሁ።

ኩፍቱ

——

ጎባ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለኩፍቱ፣

አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። ይቅር በይኝ ብል ትንሽ ነው። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው።

እንዴት እንደሆነ ብቻ ልንገርሽ። በመጀመሪያው ክረምት አንድ ቀን ጉንጬን ይዛ «እማ» አለችኝ። «አክስት በይኝ» ልላት አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም አለኝ። ለነገ አልኩት። ነገ ሌላ ነገ አመጣ። አንቺ ስትጽፊ «ይህን የጻፈችው ማን ናት?» ስትለኝ «አክስትሽ» አልኳት። አንዴ ካልኩት በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። በዳሶ መኪና ሲይዝ «ውሃ እንላክና ልጅቷን እንመልስ» ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ በእሱ አትፍረጂ። እኔ መውለድ እንደማልችል ታውቂያለሽ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኚልኝ አይደለም።

ነግሬያታለሁ። ትናንት ከጨዋታ ስትመለስ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ፣

«ለጥርሴ ብላ ነው የሰጠችኝ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እንዳይበላሽብሽ።»

«ባይበላሽ ኖሮ አትሰጠኝም ነበር?»

«አትሰጥሽም ነበር።»

«እሷ ጋ ስሄድ ይበላሻል?»

ምን ልበላት? አንቺ መልሺላት። ከትናንት ጀምሮ ፈገግ አትልም፣ ከንፈሯን ነክሳ ነው የምትውለው።

አያንቱ

——

ቦሩ ጨፌ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይህን ለዱሬቲ አንብቢላት።

ልጄ ዱሬቲ፣ እናትሽ ኩፍቱ ነኝ። ለጠየቅሽው መልሱ ይኸውልሽ። የሚታየው ጥርስሽ አይበላሽም። ጥርስ የሚበላሸው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፤ ያንቺ የፊቱ ተሠርቶ አልቋል፣ የትኛውም ውሃ አይነካውም። ለቀረው ደግሞ ከጎባ ውሃ ይላክልሻል። ወንድም አለሽ፣ ኦብሳ ይባላል፣ ሦስት ዓመቱ ነው። የእሱ ገና እየተሠራ ነው። አባትሽ አንገቱን ማዞር አይችልም፣ ስታዪው አትፍሪ።

የሰጠሁሽ ስላልወደድኩሽ አይደለም። ይህን ባታምኚኝ አልፈርድብሽም። አያንቱ አሳድጋሻለች፤ እማ ማለትሽን አትተዪ፣ እኔ አልቀየምም።

——

ጎባ፣ የካቲት 16 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለኩፍቱ፣

እንደ ቃላችን ልኬያታለሁ። ከበዳሶ አጠገብ ተቀምጣለች። ሰማያዊው ጀሪካን የምንጭ ውሃ ነው፣ ለመጠጧም ለምግቧም እሱን ብቻ አድርጊላት። በየአሥራ አምስት ቀኑ አዲስ ይመጣል። ሹራቧን በማለዳ አትከልክያት፣ ለምዳዋለች።

እኔ እስከ መኪናው አልሸኘኋትም። ምክንያቱን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

አያንቱ

——

ቦሩ ጨፌ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአያንቱ፣

እንደምን ከርመሻል? ሁለት ወር ሙሉ በዳሶ «ምን ልበላት?» እያለኝ ባዶ እጁን የሸኘሁት ቂም ይዤ አይደለም። የምጽፈው አልነበረኝም።

መጀመሪያ የጠየቅሽውን ልመልስ። እማ አትለኝም። «አንቺ» ነው የምትለኝ። ማታ ማታ ሹራቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው። ለመድን ማለት አልችልም። ትምህርት ቤት ደግሞ ጥርሷን አይተው «ወተቷ» ብለው ስም አወጡላት። እዚህ የተለየ እሱ ነው፤ ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል አፏን ስትከፍት ሁሉም ያያታል። እኔ ከዚህ ወጥቼ የደረሰብኝን እሷ እዚህ ገብታ አገኘችው። ሳስበው በየትም በኩል መውጫ የለውም።

ከገመዳ ጋር ግን ተግባቡ። ሲጠራት ከኋላው ትቆማለች፣ እሱም ይፈልጋታል፤ ዞሮ እስኪያገኛት እሷ ሌላ ጎን ትሆናለች። «ይቺ ልጅ በሽታዬን መጫወቻ አደረገችው!» እያለ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከስንት ጊዜ በኋላ።

አሁን የምጽፍልሽ ባለፈው ሳምንት ስለሆነው ነው። ሞተሩን አስነስቼ ቶሎ ተመለስኩ። ጓዳ ድምፅ ሰማሁና በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ዱሬቲ ሰማያዊውን ጀሪካን አዘንብላ በጣሳ ትቀዳለች። ጣሳውን ለኦብሳ ሰጠችው። እሱ ሲጠጣ በመዳፏ አገጩን ትጠርጋለች፣ ጠብታ እንዳይባክን። ከዚያ ጣሳውን ይዛ ወደ እንስራው ሄደች፤ የቦኖው ውሃ ወዳለበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

ደንግጣ ጣሳውን ከኋላዋ ደበቀች።

«ያንቺን ውሃ ለምን ትሰጪዋለሽ? አያንቱ ላንቺ ብላ ነው የምትልከው።»

«የኔ አልቋል። የሱ ገና ነው» አለችኝ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽልኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጣሁ።»

«አንቺስ ምን ስትጠጪ ከረምሽ?»

«እንደናንተ።»

አያንቱ፣ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ እናቱ ስሆን ጀሪካኑ በመጣ ቁጥር አንድ ጣሳ ለኦብሳ ልቀንስለት አስቤ፣ «የእሷ አደራ ነው፣ ላንዷ እንኳ አይበቃም» ብዬ እጄን መልሻለሁ። ስምንት ሳምንት በዓይኔ ፊት ስታደርገው አላየሁም። የልጁ የፊት ጥርሶች ከዚህ በኋላ ይተርፉ አይተርፉ አላውቅም፣ ምናልባት የተበላሸው ተበላሽቷል። ለእሷ ግን እንዲህ አላልኳትም።

«ጎበዝ» አልኳት። «ግን አንቺም ከዚያው ትጠጫለሽ። ጥርስሽ ተሠርቶ ቢያልቅም አጥንት አለሽ።»

«እንደ አባባ እሆናለሁ?»

«ከጠጣሽ።»

ጣሳውን አየችው። «አንቺስ?»

ሞተሩ ከውጭ ይጮኻል፤ ሴቶቹ ቦኖው ላይ ተሰልፈው «ኩፍቱ፣ ኧረ ክፈቺው!» እያሉ ይጠሩኛል። ተነስቼ ሄጄ ከፈትኩላቸው።

በዳሶ ሲወርድ ሁለት ጀሪካን ይጫንልኝ። አቅም ካለው ሦስት። ቦታው ለጭነት ነው የሚል ከሆነ እኔ አነጋግረዋለሁ፣ ጎሚስታው ጋ ያየውን ፊቴን አልረሳም። ሌላው ቢቀር ለልጆቹ የሚሆን እዚህ ቤት ይግባ፤ እኔና ገመዳ እንደፍጥርጥራችን።

ጀሪካኖቹንም አንቺው ይዘሻቸው ውረጂ። ዱሬቲ መኪናው በሚመጣበት ቀን ከትምህርት ቤት እየሮጠች ነው የምትመለሰው። ከበዳሶ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑን ታይና ጀሪካኑን ተቀብላ ትገባለች። ይህንን አይቼ ዝም ማለት ከበደኝ። ነይ።

እህትሽ ኩፍቱ